ሦስት ደረቅ ጉድጓዶች

የሰፈራችን ውሃ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያነክስ ከረመ። ቧንቧውን ስንከፍተው መጀመሪያ ያስላል፣ ቀጥሎ ያስነጥሳል፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ጠብ ብሎ ዝም ነው። አመልክተን አመልክተን ሲሰለቸን፣ አንድ ማለዳ ባልዲዬን አንጠልጥዬ በሩን ስከፍት ደጃፌ ላይ የተንበረከከ ሰው አገኘሁ። ሁለት ክንድ የሚሆን ቀጭን የብረት ዘንግ በውሃ ቆጣሪዬ ሳጥን ውስጥ ተክሎ፣ ጆሮውን ከዘንጉ ጫፍ ላይ ካለችው ትንሽ የእንጨት ጽዋ ጋር አጣብቆ፣ ዐይኑን ጨፍኗል።

እኔ ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም። «ደኅና አደሩ፤ የጠፋብዎት ነገር አለ?» አልኩት። አንድ ጣቱን ብቻ ወደ ላይ አነሳ። ዝም በል ማለቱ እንደሆነ ገብቶኝ ቆምኩ።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ግራ ገባኝ። ዘንጉን ከቧንቧው ላይ የጣት ውፍረት ያህል ከፍ አደረገው፤ ጆሮውን ግን ከጽዋው አላላቀቀም። ዘንጉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ምን ይሰማል? እሱ ግን እንደዚያው ሆኖ ቆየ። መልሶ ተከለው። መልሶ አነሳው። ፊቱ ላይ ድካም እንደ ጥላ አለፈ። ከዚያ ጉልበቱን እያሸ ተነሳና «እዚህ የለም» አለ።

«ምኑ?»

«የሚያፈሰው ውሃ። እዚህ የሰማሁት ራሴን ነው።»

ይህን ብሎ ሄደ። በየደጃፉ እየተንበረከከ፣ እያዳመጠ፣ ዘንጉን እያነሳ አራት በር አለፈ። ጫማ ሰፊው ሱቅ ፊት ሲደርስ ከሌላው ቦታ ሁሉ አስበልጦ ቆየ፤ ሄዶ ተመልሶም እንደገና አዳመጠ። በመጨረሻ ከኪሱ ሰማያዊ ጠመኔ አውጥቶ አስፋልቱ ላይ የመስቀል ምልክት አሰመረ። ስልክ ደወለ። ቆፋሪዎቹ ከሁለት ሰዓት በፊት አይደርሱም ተባለ መሰለኝ፣ ዘንጉን እንደ ከዘራ ተደግፎ መንገዱ መሃል ቀረ። ወንበር አውጥቼ ጠራሁት። ሻይም አመጣሁ። ስንጠያየቅ በዕድሜ የሦስት ወር ብቻ ልዩነት አለን፤ ታላቁ እሱ ነው። «በሦስት ወር አንቱ መባል ደግ አይደለም፤ አንተ በለኝ» አለኝና እንደዚያው ሆነ።

የሥራ ባልደረቦቹ የሚጠሩት «ጆሮ» እያሉ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ፍሳሽ አዳማጭ ሆኖ ሠርቷል። ከመሬት በታች የተቀደደ ቧንቧ ድምፅ አለው አለኝ። ብረት ድምፅ ይሸከማልና ዘንጉን ከቧንቧው ጋር ያነካካ ሰው ከታች ሹክሹክታ የሚመስል ነገር ይሰማል። ሹክሹክታው ከሁሉም ጎልቶ በሚሰማበት ቦታ ምልክት ይደረጋል፣ ምልክቱ ላይ ይቆፈራል። መሥሪያ ቤቱ አንድ ጊዜ በባትሪ የሚሠራ ማዳመጫ ገዝቶ ነበር። ባትሪው ሲሞት ወደ ዘንጉ ተመለሱ፤ ዘንግ አይሞትም።

ሥራው አንዲት ወጥመድ አለችው። ጀማሪ የሆነ ሁሉ፣ ድምፁ እንዳያመልጠው ሲል ጆሮውን ጽዋው ላይ ተጭኖ ያጣብቃል። አጥብቆ የተጫነ ሰው ደግሞ የሚሰማው በገዛ ጆሮው ውስጥ የሚሮጠውን ደም ነው። የደም ድምፅና የሚያፈስ ውሃ ድምፅ መንታ ናቸው፤ እናታቸውም አትለያቸውም። ሰውየው የሰማው ደሙን፣ ያስቆፈረው መንገዱን! ይህን «ደረቅ ጉድጓድ» ይሉታል። መለያው አንድ ነው፤ ዘንጉን ከቧንቧው ታነሳዋለህ። ድምፁ ከጠፋ ውሃ ነበር። ካልጠፋ ግን አንተው ነህ።

የቆፋሪዎቹም ሕግ አለ። ደረቅ ጉድጓድ ያስቆፈረ አካፋ ይዞ ራሱ ይደፍነዋል። እነሱ ዳር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፣ ይተርቡታል። ጆሮ በሃያ አምስት ዓመት የደፈነው ሁለት ብቻ ነበር፤ ሁለቱንም በገባበት ዓመት። ባለፈው አንድ ዓመት ግን ሦስት ደፈነ። ከሦስተኛው በኋላ አለቃው ቢሮዋ አስጠራችው። ወጣት መሐንዲስ ናት፤ በዕድሜ ልጄን ታክላለች፣ አነጋገሯም እንደ ልጅ ነው አለኝ። «ጋሼ» አለችው፣ «አራተኛ ከመጣ እኔም ላድንዎ አልችልም። ዘንጉን ለሌላ ያስረክቡና ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባሉ።»

«ዕቃ ቤትማ ሥራው ቀላል አይደል?» አልኩት፤ ለማጽናናት ነው።

ሻዩን ሳይቀምስ ወደ ጎን አደረገው። «ቀላልነቱ እኮ ነው የሚያስፈራኝ» አለ።

ለምን እንደሚያስፈራው የገባኝ የቀረውን ሲነግረኝ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ቃሉን ሁሉ ከጉድጓድ የሚያወጣ ይመስላል፣ መሃል ላይም እያረፈ።

ነገሩ መቼ እንደጀመረው አያውቅም። ያስቸገረውም ይኸው አለማወቁ ነው። የሞተበት የለም፤ የተጣላውም የለም። አንዲት ልጁ ሥራ አግኝታ ሌላ ከተማ ሄዳለች፤ ይህም ደስ ያሰኛል እንጂ አያስከፋም። ብቻ አንድ ሰሞን ጠዋት ጠዋት መነሳት ከበደው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አንዱን ጫማ ያስራል፣ ሁለተኛውን በእጁ እንደያዘ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ምግቡ ወረቀት ወረቀት አለው። ቀልድ ሲነገር የሚሳቅበት ቦታ ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው የሚደርሰው። ሰነፍኩ ብሎ ራሱን ሰደበ። ስድቡም አላስነሳውም።

«እኔ ደግሞ ሐዘን ዝም ብሎ አይመጣም ባይ ነኝ» አለኝ። «የውሃ ግፊት ከቀነሰ አንድ ቦታ እያፈሰሰ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። የኔም ግፊት ቀንሷል። ስለዚህ አንድ ቦታ ቀዳዳ አለ። ቁጭ ብዬ ካዳመጥኩት አገኘዋለሁ። ሥራዬ አይደል?»

እናም ቁጭ አለ። ወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ አንድ ወንበር አለች። ከሥራ ሲገባ እሷ ላይ ይቀመጥና ከዋናው መስመር ይጀምራል፤ ከልጅነቱ። አባቱ አንድ ቀን የተናገሩት፣ ትምህርት ያቋረጠበት ዓመት፣ የቡድን መሪነቱን እንቢ ያለበት ቀን፣ ለልጁ ሳይነግራት የቀረ ነገር። እያንዳንዱ ላይ ጆሮውን ይደግናል። እያንዳንዱም ላይ የሆነ ነገር ይሰማዋል። የቱ እንደሆነ ግን አይለይለትም፤ ስለዚህ በማግሥቱ እንደገና ከላይ ይጀምራል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ እዚያው ቤት ውስጥ መኪናዋን እያሽከረከረች የምትውል። ያችን ወንበር «ቢሮህ» ብላ ሰየመችለት። ሰው ፈልጎት ሲመጣ «ቢሮ ገብቷል፣ ስብሰባ ላይ ነው» ትላለች። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። እራት ቀርቦ ስትጠራው «ቆይ፣ ልይዘው ነው፣ አሁን ከተነሳሁ ያመልጠኛል» ይላታል። እራቱ ይቀዘቅዛል፤ እሱም ሳይይዘው ይተኛል። ቀልዱ እያደር ቀልድነቱ ጠፋ። «አንተ ሰው» አለችው አንድ ማታ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፣ «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሲሉ አልሰማህም? ለውሃ ሰው ይህን የምነግረው እኔ ልሁን?»

እሱ ግን ማሰቡን እንደ መድኃኒት ነበር የያዘው። የማያስብ ሰው በሬ ነው ባይ ነው። ካቆምኩ ለራሴ የሚገደኝ ማን ይኖራል፣ ስህተቴንም እደግመዋለሁ እያለ ይፈራል። በዓመቱ ግን መድኃኒቱ ራሱ ያስፈራው ጀመር። መንገድ ሲሄድ፣ ሲታጠብ፣ ሰው ሲያናግረው ሐሳቡ አብሮት አለ። አሁን ደግሞ፣ አበቃልኝ፣ ጭንቅላቴ ከእጄ ወጥቷል፣ እንግዲህ አላዘውም ማለት አመጣ። አየህ፣ አለኝ፣ በአንድ በኩል ካላሰብኩ አልድንም እላለሁ፤ በሌላ በኩል ማሰቤ ሊገድለኝ ነው፣ ማቆምም አልችልም እላለሁ። ሁለቱንም አምናቸው ነበር። በሁለት በር ተቆልፎብኝ ነበር ማለት ነው።

ማዳመጡ የተበላሸው በዚያው ሰሞን ነው። ራሱን ስለማያምን ጆሮውን ይጫናል፤ ሲጫን ይሰማል፤ ሲሰማ ያስቆፍራል። የመጀመሪያው ደረቅ ጉድጓድ ሲወጣ ቆፋሪዎቹ ደስ ብሏቸው ተረቡት። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይኸ ነው» አሉት። በሁለተኛው ሻዩን በዝምታ ጠጡ።

ከሁለተኛው በኋላ ሚስቱ ስፌቷን አጣጥፋ እጁን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ያገኙት አንዲት ጎልማሳ የጤና ባለሙያ ናት። ድብርት ነው አለችው፤ ስንፍና አለመሆኑን ከሰው አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። የሚዋጥ ነገርም ጻፈችለት፣ እሱም ትንሽ ቀና አድርጎኛል፣ አልዋሽህም አለኝ። ግን እሱ የጠበቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ምን ሆነህ ነው እንድትለው። ከዋናው መስመር ጀምሮ ሊዘረግፍላት ተዘጋጅቶ ነበር። እሷ ግን በቀን ስንት ሰዓት እንደሚያስብ ጠየቀችው። ቀጠለችና «ይህን ሁሉ ሲያስቡት ምን አገኛለሁ ብለው ነው?» አለችው።

ተቆጣ። ለማሰብም ፈቃድ ልጠይቅ ነው ወይ አላት። ምክንያቱን ለማግኘት ነዋ!

«ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ዓመት ከመንፈቅ ቢሆን ነው።»

«ተገኘ?»

«ሊገኝ ትንሽ ነው የቀረው።»

ይህን ሲነግረኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሱም ሳቀ፤ ዝግ ያለ፣ የደከመው ሰው ሳቅ። ሚስቱም እዚያው እንደሳቀችና ወዲያው እንዳለቀሰች ነገረኝ። ባለሙያዋ ግን አልሳቀችም። የሳምንት ቀጠሮ ሰጠችው። መድኃኒቱን ዋጠ፤ ከቀጠሮው ግን ቀረ። የማታስብን ሴት ምን ብዬ አማክራታለሁ ብሎ።

ሦስተኛው ጉድጓድ ዳቦ ቤት ፊት ለፊት ነበር፤ ጠዋት፣ ሰው ተሰልፎ። ቆፋሪዎቹ እስከ ደረታቸው ወረዱ። የሚወጣው አፈር አቧራ ነው፣ እፍ ሲሉት የሚበን። አለቃው መጥታ አይታ ሄደች። ጆሮ አካፋውን ተቀበለና ዳቦ የያዘው ሰው ሁሉ እያየው መድፈን ጀመረ። ሌሎቹ ቆፋሪዎች ወደ ጥላ ሲሄዱ አንዱ ብቻ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀመጠ። «ቋጥኝ» ይሉታል፤ ስሙን የሚያህል ሰው ነው፣ ለሃያ ዓመት አብሮት የሠራ። ሻይ አልያዘም።

«ዘንጉን አንስተኸው ነበር?» አለው ቋጥኝ።

ጆሮ አፈር ይጥላል።

«ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ እኮ። እኔን ልጅ ሆኜ እጄን እየመታህ። ለምን አላነሳኸውም?»

ስምንት ዘጠኝ አካፋ ከጣለ በኋላ ነው የመለሰለት። «ካነሳሁት የሚያመልጠኝ መሰለኝ።»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ቀጥ አለ። ቃሉን ያውቀዋል። ማታ ማታ እራት ሲጠራ፣ ከዚያች ወንበር ላይ ሆኖ ለሚስቱ የሚላት ነው።  ዓመት ከመንፈቅ፣ አንድ ቀን እንኳ፣ ዘንጉን አንስቶ አያውቅም። ያ ሁሉ ሲሰማው የከረመው ድምፅ ቀዳዳው ይሁን መጫኑ አላጣራም።

ቋጥኝም ከአፋፉ ተነሳ። ወርዶ ሁለተኛውን አካፋ አነሳና አብሮት ደፈነ። ሕጉ አይፈቅድም ነበር፤ የተናገረ ግን አልነበረም።

በማግሥቱ ብቻውን ጤና ጣቢያ ሄደ። ባለሙያዋ ለምን ቀሩ አላለችውም። ማሰብ ያቁሙ አልልዎትም አለችው፤ ቀጠሮ ይስጡት። ሐሳቡ ጠዋት ሲመጣ፣ መጥተሃል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ና ይበሉት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወንበርዎ ላይ ይቀመጡና ሩብ ሰዓት ያስቡ፤ ከዚያ ይነሱ። ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ ሲነግራት የስፌት መኪናዋን አቆመች። «እንግዲህ ቢሮው የሥራ ሰዓት ወጣለት በለኛ!» አለች። ሩብ ሰዓቱ ሲያልቅ «ተዘግቷል» እያለች የምታስነሳው እሷ ሆነች።

ቀላል አልነበረም አለኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ሐሳቡ ቀጠሮ የማያከብር ባለጉዳይ ሆነበት፤ በር ይደበድባል። እንደገና ቀጠሮ ይሰጠዋል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ወንበሯ ላይ ተቀምጦ መስኮቱን ሲያይ፣ ጎረቤት ያሰጣችው አንሶላ በነፋስ ሲወዛወዝ ሩብ ሰዓቱ አለቀ። በሌላው ቀን ደግሞ መቀመጡን ረሳው፤ ያስታወሰው ሊተኛ ሲል ነው። ደስ ያለው እንዳይመስልህ፤ ደነገጠ። ከእጄ ወጥቷል፣ አላዘውም ያልኩት ነገር እንዴት ቀጠሮ ተቀበለኝ? የሚታዘዝ ከሆነስ ዓመት ከመንፈቅ ምን ስሠራ ነበር?

«ታዲያ ይህንንም ቁጭ ብለህ ልታስበው አልነበረም?» አልኩት።

«ልጀምር ነበር» አለ። «ሚስቴ ናት የያዘችኝ።»

ይህ ከሆነ አራት ወሩ ነው። አራት ወር ሙሉ በየደጃፉ ዘንጉን እያነሳ ሲያዳምጥ ከርሟል፤ ዘጠኝ ቦታ ምልክት አድርጎ ዘጠኙም ውሃ ወጣባቸው። የኛ መንገድ ግን አስቸገረው። ቧንቧው አርጅቷል፣ ጥልቅ ነው፣ ድምፁ ይበታተናል። ደጃፌ ላይ የሰማው የደሙን ድምፅ እንደሆነ እርግጠኛ ነው። ጫማ ሰፊው ጋ ያለው ግን ሲያነሳው ጠፍቷል፤ ሁለት ጊዜ። «ደረቅ ከሆነ ዕቃ ቤት ነው» አለ። «ዕቃ ቤት ማለት ጸጥ ያለ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በቀን አንድ ሁለት ሰው። ቢሮው ቀኑን ሙሉ ሊከፈት ነው ማለት ነው። እዚያ ተዘግቷል የሚለኝ የለም።»

የመሥሪያ ቤቱ መኪና መጣ። ሦስት ቆፋሪዎች ወረዱ፤ ቋጥኝ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከኋላ በሌላ መኪና አለቃው መጣችና እጇን አጣጥፋ ከአጥሩ አጠገብ ቆመች። አስፋልቱን ሰበሩ። ጠጠሩን አወጡ። ቀጥሎ ቀዩን አፈር። ጫማ ሰፊው መርፌውን ጥሎ ወጣ፤ የሰፈሩ ሰው ባልዲ ባልዲውን ይዞ ከበበ። እኔም መሄድ ፈለግሁ፤ እሱ ግን ከወንበሩ አልተነሳም። ዘንጉ ጭኑ ላይ ተጋድሟል።

አፈሩ ጉልበት ደረሰ፤ ደረቅ። ወገብ ደረሰ፤ ደረቅ። አለቃው ሰዓቷን አየች።

«አትሄድም?» አልኩት።

«ብሄድ አይረጥብም» አለ። ድምፁ ግን ደርቋል። ቀጥሎ ለራሱ በሚመስል ድምፅ «አንስቼዋለሁ» አለ። ትንሽ ቆይቶም ደገመው። «አንስቼዋለሁ።»

ከጉድጓዱ ውስጥ የዶማው ድምፅ ተለወጠ። መጀመሪያ የሰማው እሱ ነው፤ አንገቱ ቀና ሲል አየሁት። ከዚያ ቋጥኝ ከውስጥ ሆኖ ማጉረምረም ጀመረ። ጫማው ውስጥ ውሃ ገብቶበታል፣ ጫማውም አዲስ ነው፣ ጆሮ የሚባል ሰው እዚህ ሰፈር ካለ መጥቶ ይክፈለኝ ይላል። ሰዉ ሳቀ። ጆሮ አልሳቀም፤ ዐይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን ቀስ ብሎ ለቀቀ፤ ከረጅም ዳገት በኋላ ሸክም እንደሚያወርድ ሰው።

አለቃው ጉድጓዱን አየችና ወደኛ መጣች። አላመሰገነችውም፣ አላወደሰችውም። «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለው መንገድ አለብዎት» ብላ ሄደች። ዘንጉ እጁ ላይ መቅረቱን የነገረችው በዚህ ነው።

ሊሄድ ሲነሳ ብርጭቆውን መለሰልኝ፤ ሻዩ እንዳለ ቀዝቅዟል። እኔ ደግሞ ነገሩ በደስታ እንዲያልቅ የምወድ ሰው ስለሆንኩ፣ እንግዲህ ያ ሁሉ ለቀቀህ፣ ዳንክ ማለት ነው አልኩት። ዘንጉን ትከሻው ላይ አጋድሞ አሰበ። ጠዋት ጠዋት አሁንም ይከብደኛል አለ፤ ዛሬም አንዱን ጫማ ይዤ ተቀምጬ ነበር።

ጥቂት እርምጃ ሄዶ ዞር አለ።

«ድምፁማ አለ» አለኝ። «አሁንም ይሰማኛል። ብቻ አላስቆፍርለትም።»